ጄት ጀልባ ወይስ ባለ ፕሮፔለር? ለጎርጎራ የሚሆነውን እንዴት እንምረጥ

ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ጎርጎራ ላይ ጀልባ ልትገዙ አስባችኋል እንበል። ለሽርሽርም ይሁን ገዳማቱን የሚሳለሙ ሰዎችን ለማመላለስ፣ ሞተሩን ከመምረጣችሁ በፊት ውሃውን እወቁ።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። በደምቢያ በኩል፣ የመገጭ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ፣ ዳርቻው ደለልና ጭቃ ነው። ስለዚህ የምትመላለሱበትን መስመር ግንቦት ላይ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ በረጅም እንጨት ለኩት። መስከረም ላይ ለክቶ ጀልባ መግዛት ራስን መሸወድ ነው።

ቀጥሎ አሠራራቸውን ለዩ። ፕሮፔለር ከጀልባው ሥር ወጥቶ ይሽከረከራል፤ መሬት ሊነካ ይችላል። ጄት ደግሞ ውሃውን ከሆዱ ሥር ስቦ በኋላ በኩል በኃይል ይተፋዋል። ወደ ታች የወጣ ነገር ስለሌለው፣ ፍጥነት ከያዘ ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ላይ ያልፋል። ኒውዚላንዳዊው ቢል ሃሚልተን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጄት ጀልባን ያዳበረው ለአገሩ ጠጠራማ ወንዞች ነበር።

ደምቢያ ግን ኒውዚላንድ አይደለም። እዚህ እንቦጭ አለ። የጄቱ መሳቢያ አፉ ላይ ፍርግርግ አለው። ቅጠልና ሥር ሲለጠፍበት ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን ንቅንቅ አይልም። ያኔ አጥፍቶ በእጅ መንቀል ነው። ፕሮፔለርም ይጠመጠምበታል፤ ግን ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ከሆነ ወደ ላይ አንስታችሁ እያያችሁ ታጸዱታላችሁ። የተነጠፈ እንቦጭ መሃል ግን በሁለቱም አትግቡ፤ ዙሩት።

አሁን ሒሳብ። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ 32 ገደማ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ በፕሮፔለሩ ፈንታ የጄት እግር (ውሃ ስቦ የሚተፋው ክፍል) ሲገጠምለት ከቀረው 30 በመቶ ገደማ ይጠፋል። 22 ቀረ። በዚህ ላይ ሰው ሞልታችሁ ስትጭኑበት ነዳጅ ብቻ ነው የሚጠጣው። ፕሮፔለር ከመረጣችሁ ደግሞ ለከፍታ ቦታ የሚሆን፣ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት) ዝቅ ያለ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

ሳትነዱ አትግዙ። እየሄዳችሁ ነዳጅ መስጠት አቁሙና መሪውን አዙሩ። ጄት ውሃ ካልገፋ አይታጠፍም። ወደብ ሲደርስ ደንግጦ ነዳጅ መስጠት የሚያቆም ነጂ ቀጥ ብሎ የሰው ታንኳ ላይ ይወጣል። የፕሮፔለሩ እግር ግን ውሃ ውስጥ ስላለ ትንሽም ቢሆን ያዞራል።

ታዲያ ጄት መቼ? ሰው በሚዋኝበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ አስቡበት፤ ውጭ የሚሽከረከር ስለት የለውም። ገመድና ረጅም ፀጉር ግን ይስባል፣ ዋናተኛ ሲጠጋ ሞተሩ ይጥፋ። ለቀረው ሥራ እኔ ፕሮፔለር ነው የምለው።

በመጨረሻ ትርፍ ፕሮፔለር፣ ፒንና መፍቻ ጀልባው ላይ ይኑር። በትናንሽ ሞተሮች ድንጋይ ሲነካ ፒኑ ተሰብሮ ማርሹን ያተርፋል። አቀያየሩን ግን ዳር ላይ ሳላችሁ ተለማመዱት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ መሃል ላይ ፋታ አይሰጥም።