ፓስዎርድ ቀይራችሁም ሌባው ካልወጣ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

አካውንቱ እንደተጠለፈ የጠረጠረ ሰው ሮጦ የሚሄደው ወደ ፓስዎርድ መቀየሪያው ነው። ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንዳንዴ ግን አዲሱን ቁልፍ ለሌባው በእጁ ማስረከብ ይሆናል። ልዩነቱ መረጃው ባመለጠበት ቀዳዳ ላይ ነው። አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ደግሞ የአይቲ ክፍል የሚባል ነገር ስለማይኖር ቀዳዳውን የምትፈልጉት እናንተው ናችሁ።

ምልክት፦ ኢሜይላችሁ ዳርክ ዌብ (የተሰረቀ መረጃ የሚሸጥበት ስውር የኢንተርኔት ክፍል) ላይ ታየ የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ

መልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ አትንኩ። ራሳችሁ «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ አድራሻችሁን ፈልጉ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ የሚሠራ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው)፤ በየትኛው ስርቆት እንደወጣችሁ ይነግራችኋል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ እናንተ ጋ አይደለም። የተመዘገባችሁበት ሌላ ድረ ገጽ ተሰብሮ ነው። የተሰረቀው ደግሞ ወዲያው ላይሸጥ ይችላል። ከሊንክድኢን በ2012 የተወሰደው መረጃ ከ100 ሚሊዮን በላይ አካውንት ሆኖ ገበያ የወጣው በ2016 ነው። ጉዳቱ የሚከፋው ያንኑ ፓስዎርድ ሌላም ቦታ ስትጠቀሙበት ነው። በዚያው በ2012 የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎቱን ድሮፕቦክስን ያስደፈረው ሌላ ድረ ገጽ ላይ የተሰረቀ የአንድ ሠራተኛ ፓስዎርድ ነበር።

መፍትሄው ያ ፓስዎርድ ያለበትን ቦታ ሁሉ መቀየር ነው። ከኢሜይል ጀምሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ መክፈቻ እሱ ነውና። ለየአካውንቱ የተለየ ፓስዎርድ በጭንቅላት መያዝ አይሞከርም፣ ፓስዎርዶችን ቆልፎ የሚያስቀምጥላችሁን ፓስዎርድ ማናጀር የሚባል አፕ ተጠቀሙ። ከፓስዎርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብሩ፤ ከተቻለ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በአፕ። «ከዳርክ ዌብ ላይ እናጠፋላችኋለን» ለሚል ግን ገንዘብ እንዳትከፍሉ። አንዴ የተቸበቸበን ፋይል ከገዢዎቹ ሁሉ ኮምፒውተር የሚለቅም የለም። የእናንተ ሥራ ፋይሉ ምንም እንዳይከፍት ማድረግ ነው።

ምልክት፦ ፓስዎርድ ቀይራችሁም ሰውየው ተመልሶ ይገባል

ሰው የሚያሳብደው ይሄ ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር፣ የውሸት አፕዴት፣ ወይም ደረሰኝ መስሎ የመጣ ፋይል ሲከፈት መረጃ ሰራቂ ቫይረስ አብሮ ይገባል። ብሮውዘሩ ላይ ሴቭ ያደረጋችኋቸውን ፓስዎርዶች ጠራርጎ ይወስዳል። ኩኪዎቹንም አይተውም። ኩኪ ማለት ድረ ገጹ «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ» ብሎ በየጊዜው ፓስዎርድ እንዳይጠይቃችሁ የሚያደርገው ምልክት ነው። እሱን የያዘ ሌባ ፓስዎርድም ኮድም ሳይጠየቅ ሰተት ብሎ ሊገባ ይችላል። በዚያው በተበከለው ኮምፒውተር ላይ ፓስዎርድ ብትቀይሩ አዲሱም እዚያው ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አላቁት። ከዚያ ንጹሕ በሆነ ሌላ መሣሪያ ፓስዎርዶቹን ቀይሩ። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ፤ የተሰረቀው ኩኪ የሚሞተው በዚህ ነው። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጋችሁ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫኑ። አንቲቫይረሱ «ምንም የለም» ቢል እኔ አላምነውም። አንዳንዱ ቫይረስ ሥራውን ጨርሶ ራሱን ያጠፋል።

ምልክት፦ ደንበኛ «በላካችሁልኝ አዲስ የባንክ ቁጥር ከፍያለሁ» አለ

እናንተ የላካችሁት ቁጥር የለም። መጀመሪያ ደንበኛው ባንኩ ጋ ይደውል፤ ገንዘቡን ማስያዝ የሚቻልበት ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። መንስኤው በኋላ ይደረስበታል።

ወይ ከእናንተው በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ አድራሻ ተከፍቷል፣ ወይ ሰው ኢሜይላችሁ ውስጥ ተቀምጧል። የፎርዋርድና የፊልተር ሴቲንጉን እዩ። «ክፍያ» የሚል ቃል ያለበትን መልእክት ሁሉ ወደ ሌላ አድራሻ የሚልክ፣ ከእናንተ ደግሞ የሚደብቅ ትእዛዝ ልታገኙ ትችላላችሁ። ፓስዎርድ ቢቀየርም እሱ ሥራውን ይቀጥላል። አጥፉት። አካውንቱን መልሶ ለማግኘት የተመዘገበው ስልክና የተገናኙት አፖችም የእናንተ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከደንበኞቻችሁ ጋርም ተስማሙ፦ የባንክ ቁጥር ተቀየረ የሚል መልእክት ከመጣ ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ተደውሎ ሳይጣራ አይከፈልም።

ምልክት፦ ፋይሎች አልከፈት ብለዋል፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ አለ

ራንሰምዌር ነው፤ ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ። ኬብሉን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን ዝጉ፣ ፋይል ግን አትሰርዙ። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት የሆነው ዩሮፖልና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከሴኩሪቲ ኩባንያዎች ጋር በ2016 የከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ድረ ገጽ ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች ነጻ መክፈቻ አለው። ካልተገኘ የቀረው ባክአፕ (ቀድማችሁ ያስቀመጣችሁት የፋይሎቹ ቅጂ) ነው፤ ያውም ተነቅሎ የተቀመጠ። ተሰክቶ የከረመ ሃርድ ዲስክ አብሮ ይቆለፋል። ባክአፑ ቢያድናችሁም ፋይሎቹ ከመቆለፋቸው በፊት ተቀድተው ሊሆን ይችላል፤ የደንበኞች መረጃ ከነበረበት ለእነሱ ንገሯቸው። አፕዴትን «ነገ» እያለ የሚያሳድር ካለ ደግሞ በ2017 ዋናክራይ የተባለውን የራንሰምዌር ጥቃት ያስታውስ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ጥቃቱ ከመድረሱ 2 ወር ቀድሞ ነበር።

ምልክት፦ «ፓስዎርድህ ይሄ ነው፣ ቪዲዮህም እጄ ላይ ነው» የሚል ኢሜይል

ፓስዎርዱ ከድሮ ስርቆት የተለቀመ ነው፤ ቪዲዮው አብዛኛውን ጊዜ ማስፈራሪያ ብቻ። አትክፈሉ፣ አትመልሱለት። ያንን ፓስዎርድ አሁንም የሆነ ቦታ የምትጠቀሙበት ከሆነ ወደ መጀመሪያው ምልክት ተመለሱ።