የልጅ ጉሮሮ ሲታመም
ኒውዚላንድ፣ ደቡብ ኦክላንድ ውስጥ ነርስ ነኝ። ጎረቤቶቼ ከፓሲፊክ ደሴቶች፣ ከሳሞአና ከቶንጋ፣ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። እዚህ ሩማቲክ ፊቨር፣ ማለትም ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣና ልብን የሚጎዳ በሽታ፣ በብዛት የሚይዘው የማኦሪን (የአገሩን ነባር ሕዝብ) እና የፓሲፊክ ልጆችን ነው። አገራችን ኢትዮጵያም በሽታውን በደንብ ታውቀዋለች።

ልጅ ጉሮሮዬን አመመኝ ካለ፣ «ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል» አትበሉ፤ ቶሎ አስመርምሩት። ዝንጅብልና ማር ያስታግሳል እንጂ ስትሬፕ የሚባለውን ባክቴሪያ አይገድልም። ሳይታከም ከቀረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሩማቲክ ፊቨር አምጥቶ የልብ ቫልቭ እስከመጉዳት ሊደርስ ይችላል።

ባክቴሪያውን የሚገድለው አሞክሳሲሊን ለ10 ቀን ከታዘዘ 10ሩም ቀን ይወሰድ። ችግሩ 3ኛው ቀን ላይ ነው፤ ልጁ ኳስ ማባረር ይጀምራል፣ መድኃኒቱ ይረሳል። ለአንዷ ጎረቤቴ ፍሪጇ ላይ 10 ሳጥን ሣልኩላት፤ ልጇ በየቀኑ ራሱ ምልክት ያደርግ ነበር። ጨረሰው!

ባክቴሪያው በቀላሉ እንዳይተላለፍ፣ አልጋ ከጠበበ ልጆቹን ራስና እግር አቀያይራችሁ አስተኟቸው። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የልጁ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ካበጠ ግን ሩማቲክ ፊቨር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።