ሒጃብ ለብሳ ኳስ ለምትጫወት ልጅ፦ ስፒሉ ይቅር
ልጅዎ ወይም እህትዎ ሒጃብ ለብሳ እግር ኳስ የምትጫወት ከሆነ፣ የዘወትር ሻርፗን በስፒል አያይዛ ሜዳ እንዳትገባ አደራ እላለሁ። በኳስ ሽሚያ መካከል ስፒሉ ተፈትቶ የራሷን አንገት ወይም የተጋጣሚዋን ፊት ሊወጋ ይችላል፤ የተንጠለጠለው የሻርፕ ጫፍም በእጅ ከተያዘ ያንቃል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ስሙን ከስፌት መኪኖች ድምፅ ያገኘው መኪና ግርግር ዘንድ ወደሚገኙት ልብስ ሰፊዎች እንደ ማልያ የሚለጠጥና ቶሎ የሚደርቅ ስስ ጨርቅ ይዘው ይሂዱና፣ ፊት ብቻ የሚያሳይ፣ ያለ ቁልፍና ያለ ዚፕ በራስ በኩል የሚጠለቅ አድርገው እንዲሰፉት ይጠይቁ። አንገቱ ላይ ሁለት ጣት በቀላሉ የሚያስገባ ይሁን። የታችኛው ጫፍ ማልያው ውስጥ እንዲገባ ረዘም ይበል፣ ከማልያው ጋር ግን አይሰፋ። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚከብድ፣ በተለይ ድሬዳዋ ወርዳ ለምትጫወት ልጅ አልመርጠውም።

ቀለሙን ሲመርጡ ጥቁር ወይም የማልያው ዋና ቀለም ይሁን፤ የቡድን ጓደኞቿም ሒጃብ ከለበሱ ቀለሙ አንድ መሆን አለበት። የእግር ኳስ ጨዋታ ሕግ ቁጥር 4 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የራስ መሸፈኛ በይፋ የተፈቀደው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቅርጫት ኳስም በ2017 እ.ኤ.አ. ተከትሏል፤ ስለዚህ አሠልጣኟ ከጨዋታው በፊት ለዳኛው አሳይታ ብታስፈቅድላት፣ ልጅቱ መሐል ሜዳ ላይ «አውልቂ» ከመባል ትድናለች።