እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ እግር አልንቀሳቀስ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ሲታይ ሰው ቶሎ ከሁለት አንዱን ይላል፦ «እርጅና ነው» ወይም «ፓርኪንሰን ነው፣ መድኃኒት የለውም»። ሁለቱም ምርመራን ያስቀራሉ። የሚያስቆጨው ደግሞ ቢፈለግ ሊድን የሚችል ምክንያት ሳይታይ ማለፉ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከአንጎል ውስጠኛ ክፍል መነሣት ያስፈልጋል። ባሳል ጋንግሊያ የሚባሉት የነርቭ ሕዋስ ስብስቦች የእንቅስቃሴ ትእዛዝ መነሻ ይመስሉናል። መውጫቸው የሆነው ግሎበስ ፓሊደስ ዋና ሥራው ግን ማገድ ነው፤ የእንቅስቃሴ መልእክት የሚያስተላልፈውን የአንጎል ክፍል ታላመስን ያለማቋረጥ ተጭኖ ይይዘዋል። ልንራመድ ስንነሣ የባሳል ጋንግሊያ መግቢያ የሆነው ስትሪያተም ያንን እገዳ ለተፈለገው እንቅስቃሴ ብቻ ያላላዋል። በዚህ ሥራ የሚያግዘው ሰብስታንሺያ ናይግራ ከሚባለው የአንጎል ክፍል የሚመጣው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ነው። በፓርኪንሰን እንደሚሆነው ዶፓሚን ሲጎድል እገዳው ይከብዳል፤ እርምጃ ያጥራል፣ ጡንቻ ይገተራል። እገዳው ከልክ በላይ ሲላላ ደግሞ እጅና እግር ሳይታዘዙ ይወራጫሉ።

ሁሉንም መንቀጥቀጥ ፓርኪንሰን ማለት

ቡና ሲቀርብ ልብ ብለው ይመልከቱ። እጁ ጭኑ ላይ ዐርፎ ሳለ አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ እየተፋተጉ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲኒ ለማንሣት ሲዘረጋ ለአፍታ የሚተወው፣ በአንድ በኩል የጀመረው ከሆነ ወደ ፓርኪንሰን ያጋድላል። ዐርፎ ሲቀመጥ ጸጥ ያለው እጅ ሲኒው ወደ አፍ ሲቃረብ ከተንቀጠቀጠ፣ በሁለቱም እጅ ከሆነና ወላጅም እንዲሁ ከነበሩ ኢሴንሻል ትሬመር የሚባለው ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ፕሮፕራኖሎል ይረዳል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። ከመጠን በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢም እጅ ያንቀጠቅጣል፤ በደም ምርመራ ይለያል።

መንቀጥቀጥ የሌለበት ፓርኪንሰንም አለ። ለምርመራው የግድ የሚያስፈልገው የእንቅስቃሴ መዘግየት ነው፤ የእጅ ጽሑፍ እያነሰ መሄድ፣ ሲራመዱ አንዱ ክንድ አለመወዛወዝ፣ ቁልፍ ለመቆለፍ መቸገር። ሽታ መለየት አለመቻልና የሆድ ድርቀት ከዚህ ሁሉ ብዙ ዓመት ሊቀድሙ ይችላሉ።

የሚወሰደውን መድኃኒት አለመናገር

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው፣ ብዙዎች ፕላሲል ብለው የሚያውቁት ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማዞር የሚታዘዘው ሲናሪዚን፣ ሁሉም የዶፓሚን መቀበያዎችን ይዘጋሉ። ዶፓሚኑ እያለ የሚቀበለው ይጠፋል። አንዲት እናት ለማዞር ብለው የጀመሩትን ክኒን ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ወራት ሲቀጥሉበት ፊታቸው ስሜት አይነበብበትም፣ እርምጃቸው ይጎተታል። ከዚያ ክኒኑ ሳይቆም ሌላ የፓርኪንሰን መድኃኒት ይደረብበታል። ምክንያቱ ቢቆም ኖሮ አብዛኛው ምልክት በሳምንታት ወይም በወራት ይለቅ ነበር። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ሜቶክሎፕራማይድ ከ5 ቀን በላይ እንዳይወሰድ የመከረው እንዲህ ያለውን ጉዳት አይቶ ነው።

ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ባለፈው አንድ ዓመት የተወሰደውን ሁሉ፣ ባዶ ካርቶኑንና የመርፌውን ካርድ ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ግን ሐኪሙ ሳያውቅ በራስ አይቋረጥም።

በወጣቶች ላይ መልኩ ይለያል። መድኃኒቱ በተወሰደ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት አንገት ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፤ ልጁ ግን ይሰማል፣ ያውቃል። ቤተሰብ «ልክፍት ነው» ብሎ ሲጨነቅ ሰዓት ያልፋል። ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱትና ምን እንደወሰደ ይናገሩ፤ ባይፔሪደን ወይም ዳይፈንሃይድራሚን በመርፌ ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ይለቀዋል።

ሌቮዶፓን ከዓሣ ጋር መዋጥ

አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚገባው ፕሮቲን ተፈጭቶ የሚሰጣቸው አሚኖ አሲዶች በሚያልፉበት መንገድ ነው። ሐዋሳ የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ በልተው ክኒኑን ወዲያው ሲያስከትሉ ሁለቱ ይሻማሉ፤ «መድኃኒቱ ዛሬ አልሠራም» የሚባለው ያኔ ነው። ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም 1 ሰዓት በኋላ በውኃ ይውሰዱት። ቆጮ ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ በዚህ በኩል አያስቸግርም። ከቆጮ በሚሠራው የሲዳማ ምግብ ቡርሳሜ ላይ የሚበዛው ቅቤ ግን ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ስለሚያቆየው ክኒኑም አብሮ ይዘገያል። የብረት ክኒን ቢያንስ በ2 ሰዓት ይራቅ። ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ አለ፤ መጠኑ ግን ከእሸት እሸት ስለሚለያይ የክኒኑን ቦታ አይተካም።

በጾም ወይም በጸበል ጊዜ መድኃኒቱን ማቋረጥ

ሌቮዶፓ በአንድ ጊዜ ሲቆም ጡንቻ ይደርቃል፣ ከፍተኛ ትኩሳት ይመጣል፣ አእምሮ ይደነግዛል፤ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። ጸበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ ጾም የሚጾምም አስቀድሞ የመውሰጃ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። የንስሐ አባት ምክንያቱ ሲነገራቸው የሚረዱት ነገር ነው።

የቆመውን ሰው መጎተት

የፓርኪንሰን ሕመምተኛ የበር ደፍ ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ እንደተጣበቀ ሊቆም ይችላል። ክንዱን ሲጎትቱት ሰውነቱ ይቀድማል፣ እግሩ ይቀራል፣ ይወድቃል። ይልቅ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ያዘንብል፣ ከዚያ ከፊቱ በአግድም ያስቀመጡትን እግርዎን ተሻግሮ ይርገጥ። በር አካባቢ ወለሉ ላይ ቀለሙ የሚለይ ፕላስተር በእርምጃው ርቀት፣ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቢለጠፍ ይረዳል። በዓይን የሚታየው መስመር የተጎዳውን ባሳል ጋንግሊያ ሳይጠብቅ በሌላ የአንጎል መንገድ እግርን ያስነሣል።

የልጅን መወራጨት ረባሽነት ማለት

ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከጉሮሮ ሕመም ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ እርሳስ ከጣለ፣ ጽሑፉ ከተበላሸ፣ ፊቱና እጁ ሲነቃ እየተወራጩ ሲተኛ ከቆሙ፣ ሲደንሃም ኮሪያ ሊሆን ይችላል። የሩማቲክ ትኩሳት አንዱ ገጽታ ነው፤ ልቡም በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት ይቀጥላል፤ መወራጨቱ ጠፋ ተብሎ አይተውም።

የጨቅላ ቢጫነትን ለፀሐይ መተው

ሕፃኑን ቢጫ የሚያደርገው በደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን በጣም ሲበዛ ግሎበስ ፓሊደስን ይጎዳል፤ ልጁም ዕድሜ ልኩን ሰውነቱ እየተጠማዘዘ ይኖራል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቢጫ የሆነ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ የቀላ ሳይሆን ቢጫ የሆነ፣ ጡት አልይዝ ያለ ወይም እንቅልፍ የበዛበት ሕፃን ፀሐይ ላይ እየሞቀ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ደርሶ ቢሊሩቢኑ ይለካ።