አካል ጉዳተኛ ተማሪን ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንሸኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

በደሴም ሆነ በሐይቅ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልዲያ አንድ አካል ጉዳተኛ ተማሪ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሲያልፍ ቤተሰብ በደስታ ያለቅሳል፤ እኛ መምህራንም ሥራችንን የጨረስን ይመስለናል። ከስህተቶቻችን ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ ዝግጅቱን ከውጤት በኋላ መጀመር።

ማየት የተሳነው አንድ ተማሪ ነበረኝ። ጣቶቹ በብሬይሉ ላይ ሲሄዱ እኔ በዓይኔ ከማነበው ይፈጥኑ ነበር። ነገር ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከቤት እስከ ክፍል እጁን ይዛ የምታደርሰው እህቱ ነበረች፤ ነጭ በትር ይዞ ብቻውን እንዲሄድ ያስተማረው ማንም አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደወለልኝና «ቲቸር፣ ትምህርቱስ አልከበደኝም፤ ካፌው ነው የጠፋብኝ» አለኝ። የዶርም ጓደኞቹን ማስቸገር አፍሮ ሁለት ቀን እራት ሳይበላ አድሯል። እናቱ አጠገቤ ሆና «አብሽር ልጄ» ስትለው ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ጸጸት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሁለተኛው ስህተት በእነሱ ፈንታ መወሰን ነው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀምን ተማሪ «ቤተ ሙከራ ይከብድሃል» ብለን ከተፈጥሮ ሳይንስ የምናስወጣው እኛ ነን፤ እሱን ግን አልጠየቅነውም። ወላጅም «ዓይኔ ሥር ይሁንልኝ» እያለ ምርጫውን ያጠብበታል። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የምደባ ምርጫ በሚሞላበት ጊዜ ብዕሩን መያዝ ያለበት ተማሪው ነው። የሕክምና ማስረጃውም ከዚያ በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ሌላው ስህተት «ሕጉ ስላለ ይስተካከላል» ብሎ መቀመጥ ነው። ሕጉ በእርግጥ አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትንም ይጨምራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ነገር ግን በጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ ያደገ ሰው ዳገትና ደረጃ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስለዚህ ምድር ቤት ያለ ዶርም፣ የፈተና ተጨማሪ ጊዜና አንባቢ የሚያስፈልገው ተማሪ ገና ከምዝገባ በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገባ፤ ቅጂውንም ይያዝ።

መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች በተመለከተ «ጽፈን ብንሰጣቸው ይበቃል» የሚለው እምነት ብዙ ያጠፋል። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ምልክት ቋንቋ፣ አማርኛ ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ደግሞ ሦስተኛ ነው። የሚያስፈልጋቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነው፤ መምህሩም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ከመናገር ሊቆጠብ ይገባል።

ኮምፒውተርን ለዩኒቨርሲቲ ማቆየትም አይበጅም። ኤንቪዲኤ የተባለው ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ 10ኛ ክፍል ላይ ሊጀመር ይችላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅንም ለወደቀ ብቻ የተተወ አድርጎ መቁጠር ተማሪውን አንድ በር ያሳጣዋል።

ወላጆች፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ከልጃችሁ ጋር ወደ ግቢው አንድ ቀን ሂዱ። ከበሩ ወደ ዶርም፣ ከዶርም ወደ ካፌ፣ ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍትና ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ዙር ግን እሱ ይምራ፤ እናንተ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታችሁ ዝም ብላችሁ ተከተሉት።