የሽሮዬ ስም የማን ነው?

ሽሮና በርበሬ እያሸግኩ እሸጣለሁ። ንግድ ፈቃድ ሳወጣ የንግድ ስሜን ስላስመዘገብኩ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ዓመት አንድ ሱቅ ስገባ የኔን ስም የያዘ የሌላ ሰው ሽሮ ተደርድሯል። ሰውየው ስሙን በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦታል። ያሳተምኩትን ማሸጊያ በሙሉ ጣልኩ፤ ስም ቀየርኩ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

የንግድ ስም ድርጅታችሁ የሚጠራበት ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ገዢው ዕቃችሁን ከሌላው የሚለይበት ነው። የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክቱ ባለቤት የሚያደርጋችሁ የምዝገባ ሰርተፍኬቱ ነው።

ስለዚህ ማሸጊያ ከማሳተማችሁ በፊት ስሙ አለመያዙን አጣሩ። «ምርጥ ሽሮ» ብላችሁ አትሂዱ፤ ዕቃውን ብቻ የሚገልጽ ቃል ለአንድ ሰው አይሰጥም። ለምዝገባ ዕቃዎች በዓይነታቸው ስለሚከፋፈሉ የዕቃችሁን ምድብም ለዩ፤ ዱቄትና ቅመም 30ኛው ምድብ ውስጥ ናቸው። ማመልከቻው ከተመረመረ በኋላ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ተቃውሞ ያለው ያኔ ያቀርባል። የሰውየውን ማስታወቂያ በጊዜው አይቼ ቢሆን መቃወም እችል ነበር። ምዝገባው 7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

ስም ቀላል ነገር አይደለም። አገራችን እንኳ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በ1997 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈራርማለች።

አዲሱ ማሸጊያዬ ላይ ያለው ሥዕል ግን ባይመዘገብም በቅጂ መብት ይጠበቃል፤ ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት። ሥዕል ስታሠሩ መብቱ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ተዋዋሉ።

ወንድሜ ሽምብራ የሚቆላ ማሽን እየሠራ ነው። አሠራሩ ለዓለም አዲስ ከሆነና ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ ፈጠራ ከሆነ ፓተንት፣ ማለትም ሌላው ያለፈቃዱ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል የፈጠራ መብት ያገኛል፤ 15 ዓመት ነው፣ እዚሁ አገር በሥራ ላይ ከዋለ 5 ይጨመርለታል። የነበረውን ማሽን በጥቂቱ ያሻሻለ ከሆነ የግልጋሎት ሞዴል የሚባለው የአነስተኛ ፈጠራ መብት ይሻለዋል፤ 5 ዓመት፣ ሲታደስ ሌላ 5። መልኩንና ቅርፁን ብቻ ከሆነ የሚጠብቀው፣ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ነው። «ሳታመለክት ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ እንዳትለቀው» ብዬዋለሁ። አንዴ ለሕዝብ ከታየ አዲስነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

የእናቴን የቅመም መጠን የትም አላስመዘገብኩም። የንግድ ሚስጥር የሚጠበቀው ሚስጥር ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። ቅመሙን የምንመጥነው እኔና እህቴ ብቻ ነን፤ አብረውን የሚሠሩትም እንዳያወጡት ፈርመዋል።