የውድድር መኪና ቁጥርን ታሪክ እንዴት እናውጣ? በቁጥር 3 እንሞክረው

ሹፌሩን ለጊዜው እርሱት። የናስካር (የአሜሪካ የመኪና ውድድር ድርጅት) መኪና ቁጥርን ታሪክ ላውጣ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የሚወደውን ሹፌር ስም ይይዝና ቁጥሩ አብሮት የተወለደ ይመስለዋል። ቁጥሩን የሚመድበው ናስካር ነው፣ የሚይዘው ደግሞ የቡድኑ ባለቤት። ይሄ ነገር ደሴ ላይ ባጃጅ ለሚነዳ ልጅ ቶሎ ይገባዋል። ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ የምትሠራ ባጃጅ ሹፌሯ ቢቀየር የጎን ቁጥሯን ይዞ አይሄድም።

ስለዚህ ደብተር አውጡና አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ዓመት፣ ባለቤት፣ ሹፌር፣ የመኪናው ዓይነት፣ የውድድሩ ደረጃ። የመጨረሻዋን እንዳትዘሏት። ዋናው ውድድር ካፕ ይባላል፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለተኛው ደረጃና የፒክአፕ ውድድር አሉ። ያው ቁጥር በሦስቱም ላይ ሊሮጥ ይችላል።

ዓመቱን በፈረንጅ ጻፉት። በእኛ ካላችሁ ይምታታባችኋል፣ ምክንያቱም ወቅቱ የካቲት ላይ ጀምሮ የሚያልቀው እኛ አዲስ ዓመት ካከበርን በኋላ ነው። የ2001 ወቅት በእኛ በ1993 ተጀምሮ በ1994 አለቀ። አንዱን ወቅት ለሁለት ከፍሎ መጻፍ ምን ይሉታል?

አሁን ወደ 3። በ1963 ጁኒየር ጆንሰን የሬይ ፎክስን ሼቭሮሌት በቁጥር 3 እየነዳ 7 ውድድር አሸነፈ። ዛሬ 3 ሲባል እሱን የሚያነሳ ጥቂት ነው፤ ያሳዝናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስም ሪቻርድ ቺልድረስ ነው፣ እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ቺልድረስ የራሱን መኪና ራሱ የሚነዳ ሰው ነበር። ከ3 ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው ሹፌር ዴል ኧርንሃርት ደግሞ በ1980 ሻምፒዮን ሆኗል፣ ግን በቁጥር 2፣ ለሌላ ባለቤት እየነዳ። ይህችን አስምሩባት። በ1981 ያ ባለቤት ቡድኑን መሃል ላይ ሸጠው፣ ኧርንሃርት ከገዢው ጋር ብዙም አልቆየ፣ ቺልድረስ ከመሪው ወርዶ 3ን ለእሱ ለቀቀለት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ነዳት ብሎ የሚምል ሰው አይጠፋም። ውሸት ነው። በ1982 እና በ1983 ኧርንሃርት የበድ ሙርን ፎርድ በቁጥር 15 ሲነዳ 3 ላይ የተቀመጠው ሪኪ ረድ ነበር። ኧርንሃርት ተመልሶ የመጣው በ1984 ነው።

ባለቤቱን ከተከተላችሁ ይህን ክፍተት ወዲያው ታዩታላችሁ፤ ሹፌሩን ከተከተላችሁ ታልፉታላችሁ።

ቀጥሎ የሰውየውንና የቁጥሩን ውጤት ለዩ። ኧርንሃርት 7 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፣ በ3 ግን 6 ጊዜ። በካፕ 76 ውድድር አሸንፏል፣ በ3 ያሸነፈው 67ቱን ነው። ሁለቱን ደባልቆ የጻፈ ሰው ደብተሩን ቢቀደው ይሻለዋል።

ከዚያ 2001 ይመጣል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18፣ በእኛ የካቲት 11 ቀን 1993፣ እሁድ፣ የሰማዕታት ቀን ዋዜማ። ኧርንሃርት በናስካር ትልቁ ውድድር በዴይቶና 500 የመጨረሻ ዙር፣ ወደ መድረሻው በሚያስገባው አራተኛ ኩርባ ላይ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ያን ቀን ያሸነፈው ማይክል ዋልትሪፕ የነዳው የኧርንሃርትን የራሱን ቡድን መኪና ነበር። ቺልድረስ ከዚያ በኋላ 3ን በካፕ መጠቀም አቆመ። ጥቁሩን መኪና ነጭ አድርጎ፣ 29 ለጥፎ ለኬቨን ሃርቪክ ሰጠው፣ ሃርቪክም በሦስተኛ ውድድሩ አትላንታ ላይ አሸነፈ። ብዙ ሰው 3 በሕግ የታገደ ይመስለዋል። ናስካር ቁጥር አያግድም፣ የቺልድረስ ውሳኔ ነበር።

በ2014 ቁጥሩ በቺልድረስ የልጅ ልጅ በኦስቲን ዲለን ወደ ካፕ ተመለሰ። ዲለን በ2018 ዴይቶና 500ን አሸነፈ፣ ኧርንሃርት በ1998 ካሸነፈ ልክ በ20 ዓመቱ። ግን አምስተኛውን ዓምድ ተመልከቱ፤ ዲለን ከካፕ በፊት በ2011 በፒክአፕ፣ በ2013 በሁለተኛው ደረጃ ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ በ3 ነው። 3 ለ13 ዓመት ጠፋ የሚባለው እንግዲህ ለካፕ ብቻ ነው።

ፎቶ ሲያጋጥማችሁ ቀለሙን እዩ። ኧርንሃርት በሰማያዊና ቢጫ 3 ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ1988 በፊት ነው፣ ጥቁሩ የመጣው ያኔ ነው። ቁጥሩ ከበሩ መሃል ተነስቶ ወደ ፊት ጎማው ከተጠጋ ደግሞ ፎቶው የ2022 ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ኮምቦልቻ ስቲከር ቤት ገብታችሁ 3 ለማስቆረጥ ካሰባችሁ የቁጥሩን ቅርጽ ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። የኮምፒውተሩን ተራ 3 ቆርጠው ከሰጧችሁ የቀበሌ የቤት ቁጥር ነው የሚመስለው። የኧርንሃርት 3 ወደ ጎን ዘመም ያለ፣ ነጭ፣ ዙሪያው ቀይ ነው።

መረጃውን ከየት? ሬሲንግ ሪፈረንስ የሚባለው ድረ ገጽ በመኪና ቁጥር ለመፈለግ ያስችላል። ማታ ጥቅል ገዝታችሁ የምትፈልጉትን ገጽ አውርዱት፣ ቀን ላይ ረጋ ብላችሁ ትሠሩበታላችሁ።

3ን ከጨረሳችሁ 43ን ሞክሩ። ሪቻርድ ፔቲ በካፕ 200 ውድድር አሸንፏል። ቁጥር 43ም በ2022 ኤሪክ ጆንስ ዳርሊንግተን ላይ ሲያሸንፍ 200 ሞላ። ሁለቱ 200ዎች ግን አንድ አይደሉም፣ ፔቲ በ43 ያሸነፈው 192ቱን ነው። ቁጥር 43 ያሸነፈባቸው የቀሩት 8 የማን እንደሆኑ ራሳችሁ አውጧቸው። ቦቢ ሃሚልተን፣ ጆን አንድሬቲና አሪክ አልሚሮላ ውስጥ አሉበት።